ለሙሽራ የተሠራ ቤት

ወልድያ ስገባ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት አንድ ዓመት አገር ቤት ወጥቶ ያስተምር ነበር፤ የእኔ ዕጣ ወልድያ ወጣ። ከተማው ውስጥ ደህና ክፍል አገኘሁ። የግቢው ባለቤት የትግራይ ተወላጅ ነጋዴ ሴት ነበሩ፤ ገና በመጀመሪያው ቀን «አይዞሽ፣ እኔም እንግዳ ሆኜ ነው የመጣሁት» ብለው አበረታተውኝ ነበር። እዚያው ብቀር ኖሮ ይህን የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር።

አንድ ቀን የትምህርት ኃላፊው አዲስ የመጣነውን አስተማሪዎች ሰበሰቡን። ግራና ከምትባለው የገበያ ከተማ ወዲያ፣ ወንዝ ማዶ፣ ገበሬዎች በገዛ እጃቸው አንዲት ክፍል ሠርተው አስተማሪ እየጠበቁ እንደሆነ ነገሩን። ዐምና የተላከው መምህር በወባ ታሞ ተመልሷል። «በግድ አልልክም» አሉ። «ክረምት ወንዙ ሲሞላ እዚያ ያለ ሰው ደሴት ላይ እንዳለ ቁጠሩት፤ አይወጣም፣ አይገባበትም። ፈቃደኛ ካለ ግን እጁን ያውጣ።»

ወንዶቹ ጫማ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ እጄን አወጣሁ። ግማሹ ከልቤ ነበር፤ ግማሹ ግን ወንዶቹ ሲያፍሩ ለማየት ነበር። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ካዩኝ በኋላ «እግዜር ይከተልሽ» ብለው ስሜን ጻፉ።

መርሳ ድረስ በአውቶቡስ ሄድኩ። ከመኪናው ስወርድ ጥምጣም ያሰሩ፣ ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ በቅሎ ይዘው ቆመዋል። ከእኔ ኋላ የሚወርደውን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። መኪናው ባዶ ሲሆን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«አስተማሪው ቀረ እንዴ?»

«አስተማሪዋ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና «እንኳን ደህና መጡ» አሉኝ።

አያቴ የሚሆኑ ሰው አንቱ ሲሉኝ ደነገጥኩ። በመንገድ ላይ «አባቴ፣ አንቺ ይበሉኝ እንጂ፤ ልጅዎ አይደለሁም?» ብዬ ለመንኳቸው። «የያዙት ነገር ትልቅ ነው፤ አንቱ የምለው እሱን ነው» አሉ። በቅሎዋ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው እየመሩ በእግራቸው ይሄዳሉ። ግራናን አልፈን ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ውሃው ገና የክረምቱ ኃይል አልለቀቀውም ነበር። እንዳይርስባቸው ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጠቀለሉ፤ ወገባቸው ድረስ ገብተው በቅሎዋን ሳቡ። እኔ እግሬን ወደ ላይ ሰብስቤ ደርቄ ተሻገርኩ።

መንደሩ ስንደርስ ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሉኝ። ሽማግሌው በቀጥታ የወሰዱኝ ወደ አንድ አዲስ ቤት ነበር። በአካባቢው ያለው ቤት ሁሉ የሣር ክዳን ሲሆን ይህ ግን ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው በቀይ አፈር ተለስኗል፤ የጭቃውና የእርጥብ እንጨቱ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ውስጡ አዲስ የጠፍር አልጋ አለ። ሁለት መስኮት አለው፤ አንደኛው ወደ ፀሐይ መውጫ ያያል።

«የማን ቤት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የእርስዎ ነው» አሉኝ የሽማግሌው ባለቤት፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ።

ደስ አለኝ። ያን ዕለት ጠፍሩ ላይ ጋደም ብዬ ቆርቆሮውን እያየሁ፣ ወልድያ የቀሩት ጓደኞቼ ከዚህ የተሻለ ቤት እንደሌላቸው አሰብኩ።

መልመዱ ከፈራሁት ቀለለኝ፤ ያቀለሉልኝ እነሱ ናቸው። ውሃዬን የመንደሩ ሴቶች በተራ ይቀዱልኝ ነበር፤ እኔ እንስራ ላንሳ ስል «ቾኩን የሚይዘው እጅ ይላላጣል» እያሉ ይቀሙኛል። ምግቤን የሽማግሌው ባለቤት ነበሩ የሚያቀርቡልኝ። እነሱ እስላም እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ከግራና ገበያ አዲስ ድስትና ሳህን ገዝተው ለብቻ አስቀመጡልኝ። «ይኼ የክስታን ዕቃ ነው፤ የኛ ነገር አይነካውም፤ አብሽሪ» ይሉኛል። በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮዬን የሚያርድ ክርስቲያን ከተራራው ወገብ ያስጠራሉ። ሰውየው ይህን ሁሉ ዳገት ወርዶ፣ አንዲት ዶሮ አርዶ፣ ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል።

ትምህርት ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። የስድስት ዓመት ልጅም ጢም ያበቀለ ጎረምሳም አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠው ሀ ሁ ይላሉ። ወባ ሲይዘኝ ሽማግሌው ራሳቸው ኪኒን ፍለጋ መርሳ ድረስ ሄዱ። ስነቃ ሴትዮዋ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ተቀምጠዋል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ መንደሩን ለመድኩት።

አንድ ሰው ብቻ አልለመደኝም። የሽማግሌው ልጅ ነው፤ ከእኔ ትንሽ የሚበልጥ ዝምተኛ ወጣት። ማሽላ ልጠብቅ እያለ ማሳው ውስጥ ማማ ላይ ያድራል፤ ወደ ግቢው ሲመጣም በእኔ ቤት በኩል አያልፍም፤ በጓሮ ይዞራል። ሴት አስተማሪ ስለሆንኩ የናቀኝ መስሎኝ ነበር። እኔም በልቤ ናቅሁት።

ማሽላው ሊታጨድ ሲል አንድ ቅዳሜ ልብስ ላጥብ ምንጩ ዘንድ ወረድኩ። አንዲት ጎረቤት አጠገቤ ቁጭ ብላ ልብሷን ታሻለች።

«ቤቱስ ተስማማሽ?» አለችኝ።

«በጣም። እንዲህ ያለ ቤት ከተማም የለኝም።»

«እንግዲህ ለሙሽራ የተሠራ ቤት ነው፤ እንዴት አይስማማሽ።»

«የምን ሙሽራ?»

ሴትዮዋ እጇን ከውሃው አወጣች። የማላውቅ አልመሰላትም ነበር። ጎትጉቼ አናገርኳት። ቤቱን የሠራው ልጁ ነው። ለቆርቆሮው ብሎ ሁለት ዓመት ቆላ ወርዶ ጥጥ ለቅሟል፤ ጠፍሩን የጠፈረው በእጁ ነው። ሠርጉ ከአዝመራ በኋላ፣ ጥር ላይ ነበር። አስተማሪ ይመጣል ሲባል መንደሩ ተሰብስቦ የት ይደር ተባለ። ዐምና የመጣው መምህር የታመመው እርጥብ የሣር ጎጆ ውስጥ አድሮ ነው ብለው ያምናሉ። አባትየው ተነሥተው «የኔ ልጅ ቤት አለ» አሉ። ሠርጉ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።

«ልጁስ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አባቱ ከተናገረ በኋላ ምን ይላል?»

ልብሴን እርጥቡን ሰብስቤ ተነሣሁ። ቤቱ ስገባ ግድግዳው ሌላ ሆኖ ታየኝ። ሚስማር መትቼ ቀሚሴን የሰቀልኩበት ቦታ ልስኑ ተሰንጥቆ ነበር። እስከዚያ ቀን አላየሁትም።

አመሻሽ ላይ ሽማግሌው ከማሳ ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ ጠበቅኋቸው።

«አባቴ፣ ይህ የልጅዎ ቤት መሆኑን ለምን አልነገሩኝም?»

«ቢነገርዎ ይገቡ ነበር?»

«አልገባም።»

«ለዚያ ነው።» መደባቸው ላይ ተቀመጡ። «ልጄ አንድ ዓመት ቢቆይ ያው ሙሽራ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ አንድ ዓመት ባዶ ቢውል ግን ክዳኑን ፍየል ይበላዋል። ደግሞ አስተማሪ ይላኩልን ብለን ብንለምን ማን ይሰማናል?»

«እኔ ክፍሉ ውስጥ እተኛለሁ።»

«ይተዉ፣ ይህ ነገር አይሆንም» አሉ በዝግታ።

አልሰማኋቸውም። ሰኞ ከትምህርት በኋላ ፍራሼንና ሻንጣዬን ተሸክሜ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ቤቱን ጠርጌ በሩን ዘጋሁ። ልቤ ቅልል አለኝ፤ አንድ ጥሩ ነገር ያደረግሁ መሰለኝ።

ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ዋርካው ሥር የመንደሩ ሽማግሎች ተሰብስበው አየሁ። መካከል ላይ፣ ጥምጣማቸውን አውልቀው የቆሙት አባቴ የምላቸው ሽማግሌ ናቸው። መንደሩ፣ አስተማሪዋን አስከፍተው ከቤቱ አስወጧት ብሎ ከስሷቸዋል። ሮጬ ደረስኩ።

«እሳቸው ምንም አላደረጉም። የወጣሁት ራሴ ነኝ» አልኩ።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሰውዬ በርኅራኄ አዩኝ። «ልጄ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ። እንግዳ አያጠፋም።»

«እውነቴን ነው፤ ይጠይቋቸው።»

ጠየቋቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ አላዩም። «አጥፍቻለሁ፤ ያላችሁኝን እክሳለሁ» ብቻ አሉ። እኔን ጥፋተኛ ከሚያደርጉኝ እሳቸው ጥፋተኛ መሆንን መረጡ።

የተፈረደባቸው ፍየል ነበር። በማግስቱ ታርዶ ሽማግሎቹ በሉት፤ እንድታረቅ ደግሞ ክርስቲያኑ ሰውዬ ከዳገቱ ተጠርቶ ለእኔ ለብቻዬ ዶሮ ታረደ። ፍራሼን ልጁ ራሱ ተሸክሞ መለሰልኝ። ያን ዶሮ ሴትዮዋ ፊቴ ተቀምጠው «ብዪ እንጂ» እያሉኝ በላሁት።

ጥር ገብቶ አለፈ። አንድ የገበያ ቀን ግራና ላይ ጨው ስገዛ አንዲት ወጣት ከአክስቷ ጋር መጥታ አጠገቤ ቆመች። መልኳ ጠይም፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ከመጎናጸፊያዋ በቀር አዲስ ነገር የላትም።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

አክስቷ ትንሽ ራቅ አለችልን። ልጅቱ መሬት መሬት እያየች «ቤቱ መስኮት አለው ይላሉ። እውነት ነው?» አለችኝ።

ማን እንደሆነች ያን ጊዜ ገባኝ።

«አለው። ሁለት።»

«ጠዋት ፀሐይ ይገባል?»

«በአንደኛው ይገባል።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ ነገረችኝ። አባቷ ተቆጥቷል። ለልጄ የተሠራን ቤት ለሌላ የሰጡ ሰዎች ነገ ልጄን ምን ያደርጓታል ይላል። መርሳ አጠገብ ብርቱካን ያለው ሰው ጠይቋታል፤ እስካሁን አልመለሱለትም።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እኔማ ምን አፍ አለኝ።» መጎናጸፊያዋን እያስተካከለች «ቶሎ ከሆነ አባቴ እሺ ይል ይሆናል» አለች። አክስቷ ጠራቻትና ሄደች። ጨዉን ረስቼው ተመለስኩ።

በመንገድ ሁሉ ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። እንደ ደረስኩ ሽማግሌውና ባለቤታቸው ወዳሉበት ገባሁ።

«አባቴ፣ እንግዳ ሆኜ ከቤቱ ብወጣ እርስዎ ይዋረዳሉ። እንግዳ መሆኔ ይብቃ፤ ልጅ ያድርጉኝ። ልጅ ከእናቷ ጋር ትተኛለች፤ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሠርጉ አሁኑኑ ይሁን።»

ሴትዮዋ ሳቅ አሉና «እውነቷን ነው። መደቡ ለሁለታችን ይበቃል» አሉ።

ሽማግሌው ሁለታችንን አዩን። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አሉኝ። «ልጄ፣ ይኼን ብልሃት ቀደም ብለሽ ብታመጪው እንዴት ጥሩ ነበር። ይሁን፣ ሽማግሎች ሰብስቤ ወደ አባቷ እልካለሁ።»

ያን ዕለት ከእናትየው ጋር መደቡ ላይ ተኛሁ። ሴትዮዋ ሠርጉ ላይ ማን ማን እንደሚጠራ ሲያወሩልኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሽማግሎቹ የተመለሱት በሳምንቱ ነው። ደጃፉ ላይ ሲቀመጡ አመጣጣቸው ራሱ ተናገረ። ብርቱካን ላለው ሰው ቃል ተሰጥቷል። የተሰጠው ልጅቱን ግራና ላይ ካየኋት በኋላ በሦስተኛው ቀን ነበር።

ማንም እኔን አልወቀሰም። ሽማግሌው «አላህ ያላለው አይሆንም» አሉ፤ ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ልጁ ተነሥቶ ወጣ። ለሠርግ የተባለው ቤት እንደገና ለእኔ ተሰጠኝ፤ ባዶ ሆኖ ከሚቀር ብለው ነው። እኔም ከዚህ በኋላ እምቢ የምልበት ፊት አልነበረኝም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከትምህርት ስመለስ ልጁን ደጄ ላይ የእንጨት መላጊያ ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ከእኔ ጋር ሲነጋገር የመጀመሪያው ነው።

«ይኼ መስኮት ሲዘጋ ይነካል። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ነው የሠራሁት። ልላገው።»

ገባና የመስኮቱን መዝጊያ አውልቆ ጠርዙን መላግ ጀመረ። እንጨቱ እየተላጠ እግሩ ሥር ይወድቃል። ሥራውን አይቸኩልበትም። መልሶ ገጠመውና ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው።

«አሁን ደህና ነው» አለ።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ለምኑ? አንቺ ቤት ስጡኝ አላልሽም።»

የተላገውን ፍርፋሪ በእጁ ሰብስቦ ወጣ። በማግስቱ ጥጥ ለቀማ ወደ ቆላ እንደወረደ ሰማሁ። ሲሄድ አላየሁትም።

እስከ ሰኔ ድረስ እዚያ ቤት ኖርኩ። ልጆቹ ጥሩ ተማሩ፤ ይህን መካድ አልችልም። ጢም ያበቀለው ጎረምሳ ሳይቀር ስሙን ጽፎ አሳየኝ። ሽማግሌው አንዳንድ ቀን ክፍሉ በር ላይ ቆመው ልጆቹ ሲያነቡ ያዳምጣሉ። ፊታቸው ላይ ጸጸት ፈልጌ አጣሁ፤ ደስታቸው እውነተኛ ነበር። ቢቆጩ ይሻለኝ ነበር። የእሳቸው ደስታ ነው ይበልጥ ያሳመመኝ፤ ምክንያቱም ዋጋውን የከፈለው ልጃቸው ነው፣ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ግን ትርፉን ለመንደሩ አደረጉት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ስትገባ ዓይኔን ጨፍኜ እቆይ ነበር።

ክረምቱ ሳይከብድ መርሳ ድረስ ሸኙኝ። ሴትዮዋ አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። «እመለሳለሁ» አልኩ። ያልኩት ከልቤ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርት አለቀ፣ ሥራ መጣ፣ አዲስ አበባ ያዘችኝ። አልተመለስኩም።

የተመለስኩት በድርቁ ዓመት ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ አስተማሪ ነበርኩ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እህል አሰባስበን በጭነት መኪና መርሳ ድረስ ይዘን መጣን። መንገዱ ዳር የተቀመጠውን ሕዝብ ለማየት ዓይን አይችልም ነበር። እህሉን እየሰፈርን ስናድል ከግራና በኩል የመጣውን ሁሉ ስለ ሽማግሌውና ስለ ባለቤታቸው እጠይቃለሁ። የሚያውቅ አልነበረም። ከቀትር በኋላ ቀና ስል ሰልፉ ውስጥ፣ ከኋላ፣ ሽማግሌውን አየኋቸው።

ሥራዬን ትቼ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ጥምጣማቸው አለ፤ ሰውነታቸው ግን ሽርጡን መያዝ አቅቶታል።

«አባቴ፣ ይምጡ፤ እዚህ አይቁሙ።»

ትንሽ ቆይተው አወቁኝ። «አስተማሪዋ! ደህና ነሽ?»

«ይምጡ ከፊት፣ እኔ እሰፍርልዎታለሁ።»

«እነዚህስ?» አሉ፣ ከፊታቸው የቆሙትን እያሳዩኝ። «እሷ ልጅ አዝላለች። ይደርሰኛል፤ ሥራሽን ሥሪ።»

አብሬያቸው ቆምኩ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም። ሰልፉ ቀስ እያለ ሲሄድ ስለ ልጁ ጠየቅኋቸው።

«ቆላ ነው። እዚያው አገባ። ልጅ ወልዷል ይላሉ፤ አላየሁትም።»

«ያቺ ልጅስ?»

«የብርቱካኑ ሰው ጋ ናት። ውሃ ያለበት ስለሆነ እነሱ አልተሰደዱም። እንኳን እዚያ ሆነች።» ይህን ያሉት እኔን ለማጽናናት ይሁን እንዲያው ይሁን አላወቅሁም።

«ትምህርት ቤቱስ?»

«ተዘግቷል። ልጆቹ የት አሉና።»

ተራቸው ደርሶ እህላቸውን ወሰዱ። ባለቤታቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ለመነሣት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው። ተንበርክኬ አቀፍኳቸው። በሁለት እጃቸው ፊቴን ይዘው አገላበጡኝና «ከስተሻል፤ እህል በልተሻል?» አሉኝ።

በልቼ ነበር። ጠዋት ወልድያ ሆቴል ውስጥ እንቁላል በዳቦ በልቼ ነው የመጣሁት። «አዎ እናቴ፣ በልቻለሁ» አልኩ፤ ሴትዮዋም «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ከልባቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ከግራና የመጣ አንድ ነጋዴ ዝናብ እንደጣለ፣ ሁለቱም ወደ መንደራቸው ተመልሰው ማሽላ እንደዘሩ ነገረኝ። ይህን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን እህሉን ባደልንበት ዕለት ማታ ወደ ወልድያ ስንመለስ መኪናው ውስጥ አንዱ ባልደረባዬ ስለ እነሱ ጠይቆኝ ነበር።

«እነዚያ ሽማግሌዎች ዘመዶችሽ ናቸው?»

ምን ብዬ ልንገረው? ከየት ልጀምር?

«አይ» አልኩት። «ድሮ ቤታቸው ተከራይቼ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀና ሌላ ወሬ ጀመረ። እኔ እስከ ሲሪንቃ ከተማ ድረስ በመስኮቱ የደረቀውን ማሳ እያየሁ ሄድኩ።